በዓይን ምርምር ለመሳተፍ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

«በጥናታችን ቢሳተፉ» ተብለው ወረቀት ሲቀርብልዎ መጀመሪያ ይህን ይለዩ፦ የቀረበልዎ ሕክምና ነው ወይስ ምርምር? ሕክምና ለእርስዎ ዓይን የሚበጀውን ይመርጣል። ምርምር ግን መልሱ ገና ያልታወቀ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ መልሱ ቢታወቅማ ጥናቱ ባላስፈለገ ነበር። «በእርግጠኝነት ይድናሉ» የሚል ተመራማሪ ካጋጠመዎ ይጠራጠሩ።

ክፈሉ ይላሉ? ይህን ጥያቄ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ እንዳትዘሉት። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕክምና ዘገባ ፍሎሪዳ ውስጥ የታከሙ የሦስት አረጋውያን ሴቶችን ታሪክ ይዟል። ሦስቱም በዕድሜ የሚመጣ የማኩላ (የሬቲና መሐል ክፍል) ሕመም ነበረባቸው። ከገዛ ስባቸው የተወሰደ ስቴም ሴል በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን ተወጋ፤ ለዚህም እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፈሉ። ሥራው በመንግሥት የጥናቶች መዝገብ ላይ ሰፍሮ ስለነበር ሳይንሳዊ ጥናት ውስጥ የገቡ የመሰላቸው ነበሩ። በዓመቱ እይታቸው ክፉኛ ወድቆ ነበር፤ ብርሃን እንኳ መለየት ያቃተው ዓይንም ነበር። እንግዲህ መዝገብ ላይ መስፈር ዋስትና አይደለም። ለሚሞከርብዎ ነገር ዋጋ የሚያስከፍል ወይም ውጤቱ ያልታወቀን ነገር ሁለቱም ዓይን ላይ በአንድ ቀን የሚሞክር ካለ ጥለውት ይውጡ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴውን ፈቃድም አሳዩኝ ይበሉ።

ዕጣ አለበት? በብዙ ጥናቶች ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ እንጂ ሐኪሙ አይደለም። ይህ ብዙ ሰው ያስከፋል፤ እኔ ግን የጥናቱ ሐቀኝነት ያለው እዚያ ላይ ነው እላለሁ። አማራ ክልል ውስጥ ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ የቀለበሰባቸው 1,000 ሰዎች በሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎች በዕጣ ተመደቡ። አንዱ ዘዴ የዓይን ቆቡን ከቆዳው እስከ ውስጥ ዘልቆ ይቆርጣል፤ ሌላው ቆዳውን ትቶ የውስጡን ክፍል ብቻ ይቆርጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት፣ በመጀመሪያው ከ100 ሰው 22ቱ ላይ፣ በሁለተኛው 13ቱ ላይ ብቻ ፀጉሩ በዓመት ውስጥ ተመልሶ ዓይን መንካት ጀመረ። ይህን ልዩነት ዓለም ያወቀው በእነዚያ ሰዎች ፈቃድ ነው፤ ውለታቸው ትልቅ ነው።

የሚለካው ምንድን ነው? «ውጤታማ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። እዚያው ክልል የተቀለበሰው ሽፋሽፍታቸው ከስድስት ያነሰ 1,300 ሰዎች ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና አገኙ፣ ግማሾቹ ጥሩ ወረንጦና የአነቃቀል ሥልጠና ተሰጣቸው። በሁለት ዓመቱ ፀጉሩ በብዛት የታየው በሚነቅሉት ላይ ነው፤ በእይታና በኮርኒያ (በዓይን የፊት መስታወት) ጉዳት ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ፀጉር ለሚቆጥር አንዱ ያሸንፋል፤ እይታ ለሚለካ እኩል ናቸው። እርስዎን የሚያሳስብዎ የቱ ነው? የጥናቱ መለኪያ ከእርስዎ ጭንቀት ጋር መግጠሙን ይጠይቁ።

አዲሱ ሕክምና ያልደረሰውስ? እዚያው አማራ ክልል፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ አዚትሮማይሲን በተባለው የትራኮማ መድኃኒት ላይ በተደረገው ጥናት መጀመሪያ ያልታከሙት ንዑስ ቀበሌዎች ከዓመት በኋላ መድኃኒቱ ደረሳቸው። የእርስዎ ተራ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡዎት።

ጥናቱ ከዓይን ቆብ ውስጥ በጥጥ ናሙና የሚወስድ ከሆነ፣ የት እንደሚመረመር፣ ከአገር ይወጣ እንደሆነ፣ ለሌላ ጥናት ይውል እንደሆነም ይጠይቁ። ናሙና መውሰዱ ራሱ ለአፍታ ከመቆርቆር በላይ ብዙም አያስጨንቅም።

የሚፈርሙት እናትዎ ከሆኑና ማንበብ ካልቻሉ፣ ቅጹ በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብላቸው፤ የጣት አሻራቸውን ሲያኖሩም ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር አጠገባቸው ይሁን። «ልጄ ካለ እሺ» ቢሉ አይቀበሏቸው፤ ዓይኑ የእሳቸው ነው። እምቢ ቢሉ ወይም መሐል ላይ ቢያቋርጡ የተለመደው ሕክምናቸው እንደማይቀርባቸው ፊት ለፊት ይነገራቸው። ለክትትል መመላለሻ የትራንስፖርት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ሌሊት ዓይናቸው ቢቀላና ቢያማቸው ለማን እንደሚደወል ቅጹ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ቅጂውንም ሳይቀበሉ ከክፍሉ አይውጡ።