የኋላ ወንበር ቀበቶ በእኛ ቁመት

ስለ ዜብራ አቋራረጥ ተማሪ ትራፊኮቻችን በየጊዜው ስለሚነግሩን እኔ ዛሬ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ስላለው ነገር እጽፋለሁ። ስለ ቀበቶ ነው። የሱሪ አይደለም፣ የመኪና።

ከቱላ ወደ ሐዋሳ መሃል የምንሄደው በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ነው። ባጃጅ ቀበቶ የለውም፣ ሚኒባስም ከኋላ ብዙ ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ እነሱን ልተዋቸው። እኔ የማወራው ስለ ቤት መኪና ነው። አጎት ወይም ጎረቤት ወደ ይርጋለም ወይም ወደ ዲላ ሲሄድ ኋላ የምንጫነው እኛ ነን። ሹፌሩ ትራፊክ ፖሊስ ስለሚያየው ያስራል። የ8፣ የ10፣ የ12 ዓመት ልጅ ግን «አድጓል» ይባልና በቃ ዝም ይባላል።

በሳይንስ ትምህርት ኢነርሺያ ተምረናል። የሚሄድ ነገር ካላቆሙት መሄዱን ይቀጥላል። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል ማለት ነው። መኪናው ተጋጭቶ ቢቆም ኋላ ያለው ልጅ አይቆምም፣ በዚያው ፍጥነት ፊት ያለው ወንበር ላይ ይወረወራል። አስልቼው ነበር፣ 10 ሜትር ከሚያህል ከፍታ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። ፊት የተቀመጠችው እናቱ ብትሆን እሷንም ይጎዳታል።

አሁን ያለው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን የሠራው ነው። ቮልቮ ሌሎች ፋብሪካዎችም በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል፣ ይሄ በጣም ደስ የሚል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቀበቶው ጠንካራ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ታች ዳሌ ላይ፣ ላይ ደግሞ ትከሻና ደረት ላይ። ችግሩ የተለካው በትልቅ ሰው ነው። አጭር ልጅ ሲያስረው የላይኛው አንገቱን ይነካዋል፣ የታችኛው ሆዱ ላይ ይወጣል። ሆድ ውስጥ ደግሞ አንጀትና ጉበት እንጂ የሚመክት አጥንት የለም። በግጭት ጊዜ ቀበቶው ራሱ አንጀትንም አከርካሪንም ሊጎዳ ይችላል።

ታናሽ ወንድሜ 9 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጎታችን ጋር ይርጋለም አያታችን ዘንድ ይሄዳል። «ያንቀኛል» እያለ የላይኛውን ቀበቶ ከጀርባው ኋላ ያደርገዋል። ብዙ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ፣ አንዳንዱ በብብቱ ሥር ያሳልፈዋል። ሁለቱም አደገኛ ነው። ከጀርባ ከሆነ ደረትን የሚይዝ ነገር ስለሌለ ጭንቅላት ወደ ፊት ይሄዳል፣ በብብት ሥር ከሆነ ደግሞ የጎድን አጥንትን ይጫናል።

መኪናው ደጅ ቆሞ እያለ እኔ፣ ወንድሜና አንድ የክፍሌ ልጅ ተራ በተራ ሞከርነው። መጀመሪያ ቀበቶውን ማግኘት ነበረብን፣ መቆለፊያው የወንበር ልብሱ ሥር ተቀብሮ ነበር! አጎቴም «ለካ እዚህ ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ የምናየው ይህን ነው። ጀርባ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ ጉልበት ከወንበሩ ጫፍ ላይ መታጠፍ አለበት፣ እግርም ወለል ይነካል። የታችኛው ቀበቶ ጭን ላይ ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ የላይኛው በትከሻ መሃልና በደረት ላይ ያልፋል። አምስተኛው ነገር ትዕግሥት ነው፦ እስከ መንገዱ መጨረሻ እንደዚያው መቀመጥ ይቻላል ወይ? እግሩ ተንጠልጥሎ የሚያመው ልጅ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ያኔ ቀበቶው ሆዱ ላይ ይወጣል።

እኔ 147 ሴንቲ ሜትር ነኝ፣ ሁሉንም አለፍኩ። የክፍሌ ልጅ እንደኔ 13 ዓመቱ ነው፣ ግን 138 ስለሆነ አንገቱን ነካው። ወንድሜማ ጉልበቱ ጫፍ ላይ እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ ዋናው ዕድሜ ሳይሆን ቁመት ነው። ብዙ ባለሙያዎች 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይላሉ። በጀርመን ሕግ ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም 150 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል፣ በእንግሊዝ ደግሞ 12 ዓመት ወይም 135 ነው። መኪናና መኪናም ይለያያል፣ አንዱ ላይ የሆነ ሌላው ላይ ላይሆን ይችላል።

ለአጭር ልጅ ትክክለኛው መፍትሔ ቡስተር የሚባል ልጁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ነው። እኛ ሰፈር ሲሸጥ አላየሁም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል ጫማ ከማለት ይሄንን ማለት ይቻላል (እኔ ጫማውንም አልጠላም)። እናቴ «ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ አይሆንም ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይሆንም። ቡስተር ጠንካራ ነው፣ በግራና በቀኝም ቀበቶውን ጭን ላይ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ነገር አለው። ትራስ ግን ተጨፍልቆ ከልጁ ጋር ይንሸራተታል። የላይኛውን ቀበቶ በልብስ መቆንጠጫ ወደ ታች መሳብም እንዲሁ፣ የታችኛውን ወደ ሆድ ይስበዋል። ቡስተርም ቢሆን የትከሻ ቀበቶ በሌለበት ወንበር አይሠራም።

ቡስተር እስኪገኝስ? አለማሰር ከሁሉም የባሰ ስለሆነ ይታሰራል። ልጁ ኋላ ይቀመጣል፣ ፊት አይደለም። ወፍራም ጃኬት ይወልቃል፣ ጀርባ ይጣበቃል፣ የታችኛው ጭን ላይ ይወርድና ላላ እንዳይል የላይኛው ይሳባል፣ የተጠማዘዘም ይስተካከላል። አንድ ቀበቶ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ልጅ በአንድ ማሰር ወይም ሕፃን ጭን ላይ አድርጎ አብሮ ማሰር አይፈቀድም፣ ትልቁ ሰው ትንሹን ይጨፈልቀዋልና። ወንድሜ አሁንም «ያንቀኛል» ይላል፣ ግን ከጀርባው አያደርገውም፣ አጎቴ ሳያዩ አይነሱም።

የክበባችን ክፍል በር ጀርባ ላይ በሜትር ለክተን 145 ላይ በጠመኔ መስመር አስምረናል። በእረፍት ሰዓት ጫማችሁን አውልቃችሁ መለካት ትችላላችሁ፣ ታናናሾቻችሁንም አምጡ።