ክር፣ ፀጉርና አቧራም ይመሰክራሉ

ዛሬ ወንጀል ሲመረመር ላብራቶሪ ምን እንደሚሠራ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ኤድሞንድ ሎካር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዮን ከተማ ውስጥ የፖሊስ ላብራቶሪ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ የሆነ ነገር ትቶ ይሄዳል። እስቲ ልብሳችሁን እዩት! የጠመኔ ብናኝ አለበት አይደል? በአጠና ተራ ያለፈ ሰው ደግሞ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሥራው እንዲህ ነው፦

1. ማንሳት። ባለሙያው ጓንት አድርጎ በወረንጦ ያነሳል። እያንዳንዱን ለየብቻ አሽጎ ከየት፣ መቼና ማን እንዳነሳው ይጽፍበታል። ከተቀላቀለ ማስረጃነቱ ይበላሻል።

2. ማየት። በማይክሮስኮፕ ይመለከታል። ፀጉሩ የሰው ነው የእንስሳ? ክሩ ጥጥ ነው ናይለን?

3. ማወዳደር። ከተጠርጣሪው ልብስ ከተወሰደ ናሙና ጋር ጎን ለጎን ያስተያያል።

እኔን በጣም የነካኝ የአገራችን ታሪክ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የዘመኑ ግድያ ሲመረመር ከአርጀንቲና የመጡ ባለሙያዎች የጅምላ መቃብር በጥንቃቄ ቆፍረው ነበር። ከአፅሞቹ ጋር የናይለን ገመድ አገኙ። ናይለን እንደ ጥጥ ቶሎ ስለማይበሰብስ፣ ሰዎቹ ታንቀው መገደላቸውን ከብዙ ዓመት በኋላ ለማወቅ ረዳ። ሟቾቹ መናገር ባይችሉም ገመዱ ተናገረላቸው።

ግን ልብ በሉ፦ ክር ብቻውን ሌባ አያሲዝም። ክፍል ውስጥ እስክሪብቶ ጠፍቶ ቦታው ላይ የዩኒፎርም ሹራብ ክር ቢገኝ የማን ነው ትላላችሁ? ሁላችንም የምንለብሰው አንድ ዓይነት ነው! ክሩ "እንዲህ ካለ ሹራብ ነው የመጣሁት" ይላል እንጂ "እከሌ ነው" አይልም። የጣት አሻራ ግን የመንታዎች እንኳን ይለያያል።

"ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" ይባላል። ላብራቶሪ ግን ጠርጥሮ አያቆምም፤ ስንጥሩን አውጥቶ ይመረምራል። ትምህርት ቤት ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ግን ወዲያው አንድ ልጅ ላይ ጣት ይቀሰራል፤ ብዙ ጊዜም አዲስ የመጣው ወይም የተቸገረው ላይ። ዕቃው በኋላ ዴስክ ስር ቢገኝ የልጁን ስም ማን ይመልስለታል? ስለዚህ መጀመሪያ እንፈልግ፣ እንጠይቅ፣ ከዚያ እንናገር።

ጥያቄ፦ ከቦታው የተነሳ ክር ከተጠርጣሪው ሹራብ ጋር ቢመሳሰል "ወንጀለኛ ነው" ማለት ይቻላል? ለምን? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ።

ሰላም ሁኑ!

ከ8ኛ ክፍል የክበቡ አባል