ስድስተኛው ተጫዋች ይጀምር ወይስ ይጠብቅ?

ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ መጥተን በአንድ ኮሌጅ የምንማር ወጣቶች ስለ ቅርጫት ኳስ ስንጫወት ሳንስማማ የምንለያይበት አንድ ጥያቄ አለ። ሜዳ የሚገቡት አምስት ናቸው፤ ከወንበር ተነሥቶ አስቀድሞ የሚገባው ተለዋጭ ስድስተኛው ተጫዋች ይባላል። ታዲያ ይህ ሰው ከአምስቱ ከአንዱ በልጦ ቢታይ ይጀምር ወይስ ተራውን ይጠብቅ?

ይጠብቅ የሚሉት ወገኖች ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፤ መለዋወጥም ገደብ የለውም። ጀማሪዎቹ ሲደክሙ ወይም ጥፋት ሲበዛባቸው ትኩስ ጕልበት ያለው ብልህ ተጫዋች ቢገባ ጨዋታው ይለወጣል። የአርጀንቲናው ማኑ ጂኖቢሊ በሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ከወንበር እየተነሣ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የምርጥ ስድስተኛ ተጫዋች ሽልማት ተቀብሏል።

ይጀምር የሚሉትም ማስረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በፍጻሜው ውድድር በክሊቭላንድ 2 ለ1 ተመርቶ ሳለ፥ በዚያ ዓመት አንድም መደበኛ ጨዋታ ያልጀመረው አንድሬ ኢግዎዳላ በአራተኛው ግጥሚያ እንዲጀምር ተደረገ። ቡድኑ ሦስቱን ተከታታይ ግጥሚያዎች አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ የፍጻሜው ኮከብም እሱ ሆነ።

ምሳሌ ፍለጋ ግን ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ሩጫ የግል ውድድር ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በመጐዳቱ በምትኩ ገብቶ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አመጣ።

በአገራችን በጋይንት፥ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት መነሻ መሆኑን ከልጅነታችን ስንሰማ አድገናል። መዋሥዕት የሚለው የግእዝ ቃል «አውሥአ»፥ መለሰ ከማለት የወጣ ነው። በዜማ የሚመራ አለ፥ ተቀብሎ የሚመልስም አለ፤ ተቀባይ ከሌለ ዜማው አይሞላም።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት መጠየቅ ያለበት «ማን ይበልጣል?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው ደቂቃ ያስፈልጋል?» የሚለው ነው። የቡድኑ አለቃ በየግጥሚያው የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ውጤት ይመዝግብ። ቡድኑ ዘወትር ሲጀምር እየተመራ ስድስተኛው ሲገባ የሚያንሰራራ ከሆነ ያ ሰው ይጀምር። ጅምሩ ደኅና ሆኖ ተለዋጮች ሲገቡ የሚበላሽ ከሆነ ግን ይጠብቅ። የሚጠብቅበትም ምክንያት በግልጽ ይነገረው፤ ያልተነገረው ሰው የተናቀ ይመስለዋልና።

ፈጽሞ መወገድ ያለበት ግን አምስቱን በአገር ልጅነት መምረጥ ነው። «እሱ የእስቴ፥ ያ የስማዳ» እየተባለ የተመረጠ ቡድን ከመግጠሙ በፊት ተሸንፏል። ወንበር ላይ ያለው ወንድማችንም ልምምዱን አያቋርጥ፤ በተጠራ ቀን ዝግጁ ሆኖ ይገኝ።