ያልታየው ጉማሬ

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የሚያስፈራን በአውሬው ጥርስ ይመስለናል። ፍርሃቱን የሚሠራው ግን አንባቢው የሚያውቀውን ነገር ባለታሪኩ አለማወቁ ነው። አሜሪካዊው ፒተር ቤንችሌይ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው «ጆውስ» መግቢያ ላይ አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን ባሕር ገብታ ትዋኛለች። ሻርኩ እየቀረባት መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም። በማግስቱ ዓመት ስቲቨን ስፒልበርግ ታሪኩን ፊልም ሲያደርገው፣ ሰው ሠራሹ ሻርክ በጨው ውኃ እየተበላሸ አስቸገረው። ስለዚህ አውሬውን ብዙ ጊዜ ሳያሳይ ቀረጸ፤ ፊልሙንም ያበረታው ይኸው መደበቅ ነው።

አንባቢው እያወቀ ባለታሪኩ የማያውቅበት ይህ ብልሃት ጣና ሐይቅ ላይ በሚሆን ታሪክ እንዴት ይሠራል?

ጣና ሻርክ የለውም። የባሕር ዳር ታንኳ ቀዛፊ የሚጠነቀቀው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ የሚኖረውን ጉማሬ ነው። ጉማሬ ደግሞ ሣር በል ነው፤ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። ሰውን ለመብላት አያድንም። የሚቆጣው በተለይ ግልገል ሲኖረው፣ ወይም ሰው በእሱና በጥልቁ ውኃ መካከል ሲገባ ነው። ስለዚህ በሻርኩ ታሪክ ላይ ስሙን ብቻ ለውጦ መገልበጥ አያዋጣም። በሻርክ ልቦለድ አንባቢው «መቼ ይመጣል?» እያለ ይጨነቃል። እዚህ ግን ጥያቄው «ሰውየው ሳያውቅ መቼ ይደርስበታል?» የሚል ነው፤ ለእኔ ይሄኛው ይበልጥ ያስጨንቃል፤ ጥፋት የሌለበት ሰው በገዛ መቅዘፊያው ወደ አደጋው ይሄዳልና።

ጸሐፊው የሚፈልገው ሁሉ እዚያው አለ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም። በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞች ደለል ይዘው ስለሚገቡ ውኃው ይደፈርሳል፤ ከሥር ያለው አይታይም። ጉማሬ ደግሞ አፍንጫውን ዘግቶ አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት ይችላል። አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ከጠለቀ በኋላ ያሉትን እነዚያን ደቂቃዎች በዝግታ መጻፍ ነው። ቀዛፊው ውኃው ላይ ዓይኑን ተክሏል፤ መቅዘፍ ይሻለው ወይስ ዝም ማለት፣ አያውቅም። አውሬው የት እንደሚወጣ ለአንባቢው አስቀድሞ ከተነገረው፣ የእያንዳንዱ ቀዘፋ ትርጉም ይለወጣል።

ቤንችሌይ ሻርክን ሰው አሳዳጅ አድርጎ በመሳሉ ኋላ ተጸጽቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ድረስ ለሻርኮች ተሟግቷል። በዓለም ላይ በሻርክ የሚሞተው ሰው በአማካይ በዓመት ከአሥር አይበልጥም። የጣና ጸሐፊ ይህን ጸጸት ከወዲሁ ሊያስቀረው ይችላል፤ እውነተኛው ምክንያት ለታሪኩ ይበቃዋልና። የሐይቁ ዳር ደንገል እየሳሳ፣ እርሻ ወደ ውኃው እየተጠጋ ነው። ጉማሬው ሌሊት የሚግጥበት ቦታና የገበሬው ማሳ ተገናኝተዋል፤ ማሳውን ሲጠብቅ የሚያድረውም ሰው ጉማሬው ወደ ውኃው በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው።