ለደንበኛ «ሃሪ አፕ» ብሎ መጻፍ ገበያ ያስቀራል

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ዘነበወርቅ ሲነሳ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ይታወሳል። በዚያው አካባቢ የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ወገኖች የሚሠሩት ጥልፍም የውጭ አገር ሰው ይገዛዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ከገዢው ጋር በአብዛኛው የሚገናኘው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሲበላሽ ገበያውም አብሮ ሊበላሽ ይችላል።

ገዢው ኤልሲ ለመክፈት ዘገየ እንበል። ላኪው «ፕሊስ ሃሪ አፕ» ብሎ ይጽፋል። በልቡ ያለው «እባክዎ ያፋጥኑልን» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ አክብሮቱ ያለው ግሱ ውስጥ ሲሆን የእንግሊዝኛው ግስ አንተንና አንቱን አይለይም። ስለዚህ «ፕሊስ» ቢጨመርበትም ገዢው የሚያነበው «ቶሎ በል እንጂ» የሚል ትእዛዝ ነው። ለንግድ ደብዳቤ የሚሻለው በጥያቄ መልክ «ኩድ ዩ ስፒድ አፕ» ማለት ወይም መደበኛውን «ኤክስፐዳይት» መጠቀም ነው።

በሰዋስውም በኩል የሚያሳስት ነገር አለ። «ሃሪ አፕ» ሁለት ቃል ነው፤ ተያይዞ አይጻፍም። ያለፈ ጊዜ ሲሆን የሚለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ «ሃሪድ አፕ» ይሆናል። ዕቃው በስሙ ሲጠራ ከ«አፕ» በፊትም በኋላም ይገባል። በተውላጠ ስም ሲተካ ግን ቦታው መሐል ብቻ ነው፦ «ሃሪ ኢት አፕ» ልክ ሲሆን «ሃሪ አፕ ኢት» ስሕተት ነው።

ከሁሉ የከፋው «ራሽ ኢንቱ» ነው። ላኪው «ውሉን በፍጥነት እንፈርማለን» ለማለት ቢጠቀምበት «ሳናስብ እንገባበታለን» ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። የአማርኛው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ትርጉሙን በሚገባ ይይዘዋል።

ከማጣደፊያ ቃል ይልቅ የሚጠቅመው ቀን ነው። ባንክ የሚመለከተው ሰነድ ላይ የሰፈረውን ቀን ነውና። በ1999 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 600 መሠረት፣ ኤልሲው ሌላ ካልወሰነ በቀር የጭነት ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀናት ውስጥ፣ ያውም ኤልሲው ጊዜው ሳያልፍ፣ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ። «እስከ ማርች 15 ቢደርሰን» የሚል ትሑት ዓረፍተ ነገር ከአሥር «ሃሪ አፕ» ይበልጣል።