አማካዩ 36 ሰዓት ተኩል ነው፤ የእናንተስ ስንት ነው?



ዛሬ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ልባችን እናወራለን። መነሻዬ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር የጻፈልኝ ነው፤ የማካፍላችሁም በፈቃዱ ነው። ዕድሜው 41፣ ሥራው የሒሳብ ባለሙያ። ፋርማሲ ገብቶ የደም ግፊቱን ሲለካ 158/98 ሆነበት።

"ሥራ ይበዛብሃል እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ ዶክተር፣ በእኛ ዘርፍ አማካዩ በሳምንት 36 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መንግሥት ያወጣውን አይቻለሁ" አለኝ።

እኔ ግን የጠየቅኩት ስለ ዘርፉ ሳይሆን ስለ እሱ ነበር። አብረን ደመርን፦ ቢሮ 46፣ ማታ ቤት ላፕቶፕ ላይ 6፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው በመኪና ሲያመላልስ 12። ድምሩ 64 ሰዓት!

ታዲያ የመንግሥት ቁጥር ውሸት ነው? አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለአገሪቱም ለየስቴቱም በየወሩ የሚያወጣው ነው። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ፦

1. ዘርፉ ሰፊ ነው። ጠበቃ፣ ኢንጂነርና አካውንታንት ብቻ ሳይሆን የጽዳት፣ የጥበቃና የጊዜያዊ ቅጥር ሠራተኞችም አሉበት። ለምሳሌ ሁለት ሰው 55፣ አንዱ 20፣ ሌላው 16 ሰዓት ቢሠሩ አማካዩ 36 ተኩል ነው። ከአራቱ አንዱም ግን 36 ሰዓት ተኩል አልሠራም።

2. የሚቆጠረው ሥራው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሁለት ቦታ የተቀጠረ ሰው ሁለት ቦታ ለየብቻ ይመዘገባል። በግሉ የሚያሽከረክረው ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

3. የሚመዘገበው የተከፈለበት ሰዓት ነው። ደሞዝተኛው ማታ ቤቱ ወስዶ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ አይታይም። ልብ ግን ይቆጥረዋል።

ይህን ያህል ለምን አስጨነቀኝ? የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው 35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 17 በመቶ ከፍ ይላል። ጉዳቱ በአንድ ሳምንት ሳይሆን በዓመታት የሚጠራቀም ነው። የጭንቀት ሆርሞኖች ግፊትን ይጨምራሉ፤ እንቅልፍ ያጥራል፤ ቁጭ ብሎ መዋል ይበዛል፤ ሐኪም ዘንድ መሄጃ ጊዜም ይጠፋል።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ለዓመታት ካርድ ላይ "ሥራ፦ አካውንታንት" ብዬ ጽፌ አልፍ ነበር፤ "ስንት ሰዓት?" ብዬ አልጠየቅኩም። አሁን እጠይቃለሁ።

ምን እናድርግ?

✅ የአንድ ሳምንት ሰዓታችሁን ጻፉ። ሁለተኛውን ሥራም፣ የማታውንም ደምሩ።

✅ ግፊታችሁን ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ለኩ። ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር፤ 5 ደቂቃ ዐርፋችሁ ተቀመጡ፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኩ። ቤት ውስጥ የለካችሁት አማካይ 135/85ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ።

✅ ቢያንስ 7 ሰዓት ተኙ፤ ቢሮም በየሰዓቱ ተነሥታችሁ ተንቀሳቀሱ።

⚠️ ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ "ትንሽ ልረፍና" አትበሉ። አሜሪካ ያላችሁ ወዲያው 911 ደውሉ፤ ሌላ አገር ያላችሁ በፍጥነት ሆስፒታል ሂዱ።

ወንድማችን አሁን መድኃኒት ጀምሯል፤ የእሁዱን ሥራም ትቷል። መጀመሪያ ላይ "ዶክተር፣ እሁድን ከተውኩ ለእናቴ የምልከው ይጎድላል" ብሎኝ ነበር። ለዚህ ቀላል መልስ የለኝም። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ ስትሮክ የጣለው ሰው እሁድ ብቻ ሳይሆን ሰኞም አይሠራም።

የእናንተ ሳምንት ስንት ሰዓት ሆነ? ደምራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሥራ ለሚበዛበት ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።