ታወሩ ወይስ ሳተላይቱ?

በዛሬው የሳይንስና ቴክኖሎጂ አምዳችን ኢንተርኔት ከሰማይ መምጣት ሲጀምር ታወር የተከሉት የሞባይል ድርጅቶች ምን እንደገጠማቸው እናያለን። ምሳሌያችን ጎረቤታችን ኬንያ ናት።

መጀመሪያ ስልካችን እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ። ስንደውል ድምፃችን በቀጥታ ወደ ጓደኛችን ስልክ አይሄድም። በሬዲዮ ሞገድ ቅርባችን ወዳለው ታወር ይሄዳል፤ ከዚያ መሬት ውስጥ በተቀበረ ፋይበር ወይም ከታወር ወደ ታወር እየተላለፈ ይጓዝና ለጓደኛችን ቅርብ ከሆነው ታወር ወደ ስልኩ ይገባል። አንድ ታወር የሚሸፍነው ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ሀገር በሺዎች የሚቆጠሩ ያስፈልጋሉ። ታወር ደግሞ ተክለው የሚተዉት ነገር አይደለም። መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ከሌለ ጄኔሬተርና ነዳጅ ወይም ሶላር ይፈልጋል፤ መንገድ ይፈልጋል፤ ጥበቃ ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት ወጪው ይመለሳል። ቤቶች ተራርቀው ባሉበት ገጠር ግን አይመለስም። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ የወጣችሁ ካላችሁ ምክንያቱ አንዱ ይኸው ነው።

ስታርሊንክ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ባለቤቱ ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ የሮኬት ኩባንያ ነው። የሳተላይት ኢንተርኔት ድሮም ነበረ፤ ግን ይዘገይ ነበር። የድሮዎቹ ሳተላይቶች ያሉት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪ.ሜ. ያህል ቢጓዝም እዚያ ድረስ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መልሱም በዚያው መንገድ ሲመጣ ግማሽ ሰከንድ ሞላ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ስልክ ሲያወሩበት ግን ሁለቱም በአንዴ እየተናገሩ ይጋጫሉ። የስታርሊንክ ሳተላይቶች በ550 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ስለሚበሩ ወጥቶ መውረዱ ከመቶኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ችግሩ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር ሳተላይት ከላያችን ላይ ቆሞ አይጠብቀንም። አንዱ ሲያልፍ ሌላው እንዲተካው በሺዎች ማምጠቅ ግድ ሆነ።

ስታርሊንክ ኬንያ የገባው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ነው። ዲሹን ለመግዛት ለብዙ ሰው ውድ ነበር። በ2024 ግን በወር 1,950 የኬንያ ሽልንግ ማከራየት ጀመረ። 50 ጊጋባይት ደግሞ በ1,300 ሽልንግ አቀረበ። ይሄኔ ነው ሳፋሪኮም የደነገጠው! ሳፋሪኮም የኬንያ ትልቁ የሞባይል ድርጅት ነው፤ በእኛም ሀገር በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የእሱ ዘመድ ነው። ድርጅቱ በ2024 ለኬንያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጻፈው ደብዳቤ የሳተላይት ኩባንያዎች ለብቻቸው ፈቃድ ከሚሰጣቸው ከሀገር ውስጥ ድርጅት ጋር ተጣምረው ይሥሩ አለ። ያቀረበው ምክንያት ሳተላይት ድንበር አይገድበውም፣ ሞገዱም የሌላውን ሞገድ ሊረብሽ ይችላል የሚል ነበር። ይህን ሁሉ ቅናት ብቻ ነው ማለት ይከብዳል፤ ያን ሁሉ ታወር የተከለው እሱ ነዋ። ደንበኛው ግን ከውድድሩ ተጠቅሟል። በዚያው ዓመት ሳፋሪኮም ዋጋ ሳይጨምር የፋይበር ኢንተርኔቱን ፍጥነት ከፍ አደረገ።

ታዲያ ታወር ሊቀር ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ስታርሊንክ በናይሮቢና በአካባቢዋ አዲስ ደንበኛ መቀበል አቆመ፤ ቦታው ሞልቶ ነበር። ይህን ለመረዳት የሚኒ ሚዲያችንን ድምፅ ማጉያ አስቡ። በአንድ ማጉያ ግቢው በሙሉ ይሰማል። ነገር ግን 1ኛ ክፍል ፊደል፣ 5ኛ ክፍል ሒሳብ፣ 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ በአንድ ጊዜ በዚያ ማጉያ ይማሩ ብንል አይሆንም። በየክፍሉ አንድ አንድ መምህር ቢገባ ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት ይማራል፤ ግድግዳ ስለሚለያቸው አይረባበሹም። ታወር እንደ ክፍል መምህር ነው። ያንኑ ሞገድ ራቅ ያለ ሌላ ታወር ደግሞ ይሠራበታል። ሳተላይት ግን ከላይ ሆኖ ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍን ሰው በበዛበት ከተማ ያለው አቅም ለብዙ ይካፈልና ያልቃል። ሰው በተራራቀበት ገጠር ግን የሚያህለው የለም።

አሁን ደግሞ ያለ ዲሽ በቀጥታ ከተራ ስልክ ጋር የሚገናኙ ሳተላይቶች መጥተዋል። አሜሪካ ውስጥ ቲ ሞባይል የተባለው ድርጅት ከስታርሊንክ ጋር ከመጣላት መጣመርን መረጠ፤ ሳተላይቶቹ የሚሠሩት በቲ ሞባይል ሞገድ ነው። ደንበኞቹ ታወር በሌለበት ጫካና በረሃ ሆነው መልእክት ይልካሉ። እንደኔ እንደኔ ብልህነት ይሄ ነው።

ለአንባቢ የቀረበ ጥያቄ፦ አንድ የስታርሊንክ ሳተላይት ምድርን አንዴ ለመዞር 95 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ይዞራል? ስሌቱን ጽፋችሁ በክበቡ ሳጥን ውስጥ ክተቱ።